ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከሂርማታ ማዶ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ማልዶ፣
ቀመር አባ ዲጋ፣ የበርጩማ ጠራቢ፣
ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያልሆነ ተሳዳቢ፣
ከመስኮቴ ቆመ።

«ልጄ፣ ያለፈው ሐሙስ፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣
ለአጋሮው ነጋዴ፣ ለዋንዛው ግንድ ሒሳብ፣
ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ላክሁ በስልኬ።
እሱ ጋ አልደረሰ። እኔም ጋ የለ።
መንገድ ቀርቶ እንደሆን እስቲ ጠይቅልኝ፤
አዌቱ ሞልቶበት መሻገር አቅቶት።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በላስቲክ ጠቅልሎ ከኪሱ ያወጣው
የኛው ቢሮ ደብዳቤ ነው፣ ማኅተም ያለው፦
«በጠቀሱት ሰዓት የተደረገ ዝውውር የለም።
አቤቱታዎ ተዘግቷል።
ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

የእንቅስቃሴ መዝገቡን ከፈትሁ።
መስመር በመስመር ይወርዳል እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣
ቁጥር፣ ነጥብ፣ ቁጥር፣ አንዱ ካንዱ ሳይተላለፍ።
ሐሙስ። 03:00።
ባዶ። ከተማው ተኝቷል፤
አንድ ዘበኛ ብቻ ያምስት ብር ካርድ ሞልቷል።

«አባባ፣ ምንም የለም» ልል አፌን ስከፍት
መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩ እያሳለ እስኪነሳ
ዓይኔ ግድግዳ ላይ ዋለ፤
አሮጌው ሰዓት አራት ይላል።
መብራቱ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ጥግ አሥር ይላል።
ሁለቱም ልክ ናቸው።
ስድስት ሰዓት አለ መሃላቸው፤
ሰው ከነብሩ ገብቶ የሚጠፋበት ገደል።
አንዱ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት፣
ሌላው የሚቆጥረው ጎሕ ከቀደደለት።

ወረድሁ። 09:02:17።
የይለፍ ቁጥር፦ ስህተት። የይለፍ ቁጥር፦ ስህተት።
(መጋዝ ያደነደነው ጣት፣ የረጠበ ስልክ።)
የይለፍ ቁጥር፦ ትክክል።
09:02:41፦ መስመር ተቋረጠ።
ተቀናሽ፦ አዎ። ደረሰ፦ የለም። ተመላሽ፦ የለም።
ብሩ እዚያው ተቀምጧል፣
ስሙን የሚጠራው እየጠበቀ።

መዝገብ አይዋሽም ይሉናል ስልጠና ላይ።
እውነት ነው፤ ግን ዳኛ ፊት እንደቆመ ፈሪ ምስክር
የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልስ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጣቴ ግን ወረደ።
ሰኞ። አቤቱታ ተከፈተ፦ 11:40:05።
አቤቱታ ተዘጋ፦ 11:40:43።
የዘጋው ሠራተኛ፦ ጅማ ሰባት።

ጅማ ሰባት እኔ ነኝ።

ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ።
ምን አስቸኮለኝ? መዝገቡ አልጻፈውም፤
ምሳ ርቦኝ ይሆናል።
ሰውየው ከጂሬን በእግሩ መውረዱንም አልጻፈው።

«ተገኘ?»
«ተገኘ።»
«ማን ወስዶት ኖሯል?»

ስንት ሴኮንድ ዝም እንዳልሁ አልቆጠርሁም።
«ማንም፣ አባባ። እኔ ነኝ ሰዓቱን ያላነበብሁ።»

ላስቲኩን መልሶ አጠፈ፣ በቀስታ።
«በርጩማ ሦስት እግር ነው» አለኝ፤
«አንዱ ማጠሩን የሚያውቅ የተቀመጠበት ነው።»

10:30፦ አቤቱታ እንደገና ተከፈተ። ጅማ ሰባት።
ማስታወሻው ቦታ ላይ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ጨመርሁ፦
በኛ አራት ተኩል።