ቃል የሌለው ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ ምሽት፣ ቅርያት ጋት፣ ከምድር በታች መጠለያ፣
ማታ ለቦርዱ ስብሰባ፣ ቀን የሕፃናት መዋያ፤
ጉልበታችን ደረት ነክቶ፣ በእነሱው ትንሽ ወንበር
ሰባት ሆነን ተኮለኮልን፣ ስለ ልጆች ልንመክር።

ገንዘብ ያዡ ታረቀኝ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣
ደረሰኙን አንድ በአንድ እንደ ቲኬት ሲቆጥር
ቆየና፦ «ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤
ከዚያ ወዲያ ገንዘብ የለም።»
እናንዬ፣ ነርሷ፦ «ልጅ የሚደውለው
ቤቱ ሲተኛ ነው።»

አባ መኩሪያው በሽታውን በስሙ አይጠሩትም፤
«ልቡ የዛለ» ይላሉ። ሂላ አታርማቸውም።
ከሁላችን ታናሽ ናት። ያኔ፣ በአሥራ ስድስቷ፣
በዚሁ ቁጥር ደውላለች፣ ተሸፋፍና በአንሶላዋ።

ክርክሩ ሄደ፣ መጣ፤ ሻዩ በረደ፤
እኩለ ሌሊት አልፎ ስልኩ ጮኸ።

ሂላ አነሣች። ትንፋሽ ብቻ።
«አለሁ» አለች በዕብራይስጥ።
ቆይታ ደግሞ በአማርኛ፦ «አለሁ።»
ከዚያ ዝም። እኛም ዝም።
ታረቀኝን ሳል ያዘው፤ በመዳፉ አፈነው።
ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አፍንጫውን ሳበ፣
ብዙ ቆይቶም፦ «ነገም ትኖራላችሁ?»

ሂላ ቀና ብላ አየችን።
መጀመሪያ እጁን ያወጣው ታረቀኝ ነው፣
ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ሳይነግረን።

እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። መዝገቡን ገለጥኩ፤
ለቃለ ጉባኤው የሚሆን ቃል ግን አጣሁ።
እንዲህ ብቻ ሰፈረ፦
«ከሌሊቱ ስድስት ከሩብ እስከ ስድስት ተኩል
ጉባኤው አዳመጠ።»