የሥራ ማመልከቻ

ለውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ለቢቸና ከተማ፤
ጉዳዩ ሥራ ነው፤ እውነቱ ይሰማ።

ስሜ ደምስ ይሁኔ፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት፣
ስድስት እንጀራ ቆርሼ ያልጠገብሁ በአንዱም ቤት።

በደጀን መናኸሪያ ልብስ ሰፊ ሆኜ፣
የሱሪ ጠርዝ ሳጥፍ ከረመ ዘመኔ፤
በሦስተኛው ክረምት ክሩን ልቀጥለው
ብዬ ጎንበስ ስል እጄ መርፌውን ጣለው።

ባጃጅም ነዳሁኝ፦ ከገበያ ሆስፒታል፣
ከሆስፒታል ገበያ... መንገዱም ይሰለቻል።

በቡሬ ፋብሪካ የዘይት ክዳን ስገጥም
ስምንት ወር ቆየሁኝ፤ ዘጠነኛው የለም።
ደመወዙ ደግ ነው፣ አለቃው ሰው ያከብራል፤
ግን ልብ መቼ በደመወዝ ታስሮ ያድራል?

የቀሩትን ሦስቱን እኅቴ ታውቃለች፤
"ከሥራ ወደ ሥራ፣ እንደ ፌንጣ" አለች።

አጎቴ መሪጌታ፣ ለቅኔ ጎንጅ ዋሸራ ዞረው፣
ሰባት መምህር ለውጠው፣ አኩፋዳ አንግተው፣
ሲመለሱ "ሊቅ" ነው ያላቸው ያገሩ ሰው፤
እኔን ግን "ወላዋይ"።
ልዩነቱ ምን ነው?

አምና በሚያዝያ የሠፈሩ ፓምፕ ነጥፎ፣
ሴቱ ወንዝ ሲወርድ ጀሪካን ታቅፎ፣
ፈታሁት። ጎማው ነው። ከላስቲክ ጫማ ቆርጬ
ቀየርሁት በሌሊት፣ ጭቃ ላይ ተቀምጬ።
ሌላው ጋ አሸዋ፣ ሌላው ጋ ዝገት ነው፤
ለካስ ዐሥር ጉድጓድ ዐሥር ሕመም አለው።

ስለዚህ ጌቶቼ፣ ጥገና ክፍላችሁ
ቦታ ካለው ስጡኝ፤ ቃል ግን አልገባላችሁ።
"ጽኑ ነኝ" አልልም፤ ብቻ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤
መርፌው ከእጄ ወድቋል፣ መፍቻው ግን እዚሁ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
አመልካች፣ ደምስ።

መልሱን ግን አታዘግዩ፤
መጠበቅ አልችልበትም።