የማዕዘኑ ቋሚ

ኩታበር ላይ ክረምት በር መትቶ አይገባም፤
ከጦሳ ጀርባ ጉም ሲወርድ አይሰማም።
ብቻ አንድ ቀን ጧት ላይ፣ ሻይ ቀድቼ ሳለ፣
የጓዳው በር አልዘጋ አለ።
ገፋሁት፤ አቃሰተ፤
ሳንቃው ደህና ነበር፣ ጉበኑ ነው ያዘነበለ።

አባቴ ቤት ሲሠራ ጥዱን ያቆመለት
ይመር አሊጋዝ መጣ፣ ጠራሁት፤
መጋዝ አልያዘም፣ አንዲት ሰንጢ ብቻ በእጁ፤
እየዞረ መታ፣ በሰንጢው እጀታ፣ ከጓዳው እስከ ደጁ።
ቋ አለ አንዱ ቋሚ፤ ቋ አለ ሁለተኛው፤
«ይሄ ጥድ ነው» አለኝ፣ «እኔን ነው የሚሸኘው።»
ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ፣
ዱብ።
እንደ እርጥብ ጆንያ፣ እንደ ባዶ እንስራ፤
ስለቱን ቢሰካው ገባ ያለ ሥራ።

እኔ ግን ቀለም ነው የማውቀው፤ በየመስከረሙ
ሰማያዊ በቢጫ ላይ፣
ጎረቤት አቁሞ እስኪጠይቀኝ ዋጋውን ከነስሙ።
ቀለሙ ቆሞ ቀርቷል፤ እንጨቱ ግን የለ፣
እንደ መጋረጃ ምስጥ እየከለለ።

ይመር አልገሠጸኝም። «አብሽር፣ መሰላል አምጣ።»
ወጣ፤ ከአሸንዳው ውስጥ ዘገነ በመዳፉ
የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የአምና ጭቃ፣ የርግብ ላባ ከነእድፉ፤
ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጣቱ አንድ ቦታ ቆመች፤
ጎማ የሌላት ምስማር፣ እንደ ቁስል አፍ ቀልታለች።
«ይቺን ማን መታት?»

ዝም አልኩ።
ያ የዓለም ዋንጫ ክረምት፣ ዲሽ የሰቀልኩ ዕለት፣
የጎማው ዋጋ ሳንቲም ነበር፤ ነገ እገዛለሁ ብዬ መታኋት።
ነገ ሰባት ዓመት ሆነ።

ጠብታ አትቸኩልም፤ ምስማሯን ተከትላ ወረደች፣
ከወራጅ ወደ ማገር፣ ከማገር ወደ ቋሚ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሄደች፤
ከእግሩ ሥር ቁጭ አለች፣ አፈርና እንጨት በሚገናኙበት፣
እዚያ ነው እንጨት የሚሞት።

ሐሙስ ጀመርን። ጣሪያውን በባላ ደግፎ የሞተውን ክንድ ያህል ቆረጠ፤
«ለታመመ ጥርስ ብሎ ራሱን ማን ፈለጠ?»
ከሥሩ ድንጋይ፤ ከድንጋዩ ላይ አዲስ ጥድ፣ ጫፉን በእሳት ለበለበው፣
ከደሴ ጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ሦስቴ ቀባው።
ክፍክፉንም ስንዝር አስረዘምነው።

ሲሄድ ከኪሱ አንዲት ጥቁር ጎማ አወጣ፣
መዳፌ ላይ አኖራት። «ትርፍ ናት።»
ሌላ አልተናገረም።

ሌሊቱን ዘነበ። ተነሥቼ ማዕዘኑን በጣቴ ጀርባ መታሁ፤
ቋ።
ቀጥሎ ሁለተኛውን። ቀጥሎ የበሩን መቃን፣ የልጆቹን አልጋ እግር፤
ቤቴን ሁሉ ሳንኳኳ አነጋሁ።