ለሁለት ሰው ጠረጴዛ

በርገን ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ዝናብ እንደ ባለ ርስት ሳያንኳኳ ሲገባ፣
ቶርብዮርግ ጃንጥላ ትጠግናለች፤ ሥራዋ ነው ይኸው፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ነፋስ ያጣመመውን ስታቃናው።
ድሮ ሰው ይሰለፍ ነበር። ዛሬ ጃንጥላ ርካሽ ሆነ፤
ሲሰበር ይጣላል፤ መጠገን መቻሉ ከሰው ልብ ተነነ።
የእህቷ ልጅ ኢቫር ነው፣ "ድረ ገጽ ይኑርሽ" ያላት፤
ስልኩ ጠራና ወጣ እንጂ፣ እንዴት እንደሚሠራ አልነገራት።

ማታ ሱቋን ዘግታ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤
"ነፃ" የሚለውን ቃል ስታይ፣ ሳታስበው ነካች።
ሰባት መቶ አብነት እንደ ሰልባጅ ተሰቅሎ፣ በልኳ ግን የለ፤
የጥርስ ሐኪም፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የውሻ ፀጉር ቤት፣
ጃንጥላን ያሰበ ማን አለ?
የምግብ ቤቱን መረጠች። ምክንያቷ ቀለሙ ነው፤
ጥቁር አረንጓዴ፣ ልክ የእናቷን ጃንጥላ የመሰለው።

ገጹ ተዘረጋ። ከላይ የማታውቀው ሼፍ ይስቃል፤
ነጭ ቆቡን ደፍቶ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ "እንኳን ደህና መጡ" ይላል።
ከሥሩ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ፣ ለቦታ መሙያ፣
እንደ ገለባ ትራስ፣ ለቅርጽ ብቻ ማሳያ።
ልታጠፋው ስትነካው፣ ርዕሱ ወደ ግራ ሸሸ፤
ርዕሱን ልትመልስ ስትል፣ ገጹ ሁሉ ተበላሸ።
"ቀልብስ" የምትል ትንሽ ቀስት አገኘች፤ መረቀቻት፤
ለጃንጥላም በኖረች ብላ ለአፍታ ተመኘቻት።

"የዛሬ ምግቦች" ከሚለው ሥር፣ በሁለት ጣት ጻፈች፤
መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ሰቅላ፣ በስሕተቷ እየሳቀች፦

የታጠፈ ዘንግ ማቃናት፣ ዘጠና ክሮነር።
የተቀደደ ጨርቅ መስፋት፣ መቶ አርባ።
እጀታ መለወጥ፣ እንጨቱ ከእኔ፣ ሁለት መቶ።
ያረጀ፣ ግን የሚወደድ፣ መጥታችሁ እንነጋገር።

ሼፉን ግን ማንሳት አቃታት። ሦስት ምሽት ታገለችው፤
በአራተኛው "ይሁን፣ ይሳቅ" ብላ ተወችው።
"አትም" የሚለውን ስትጫን ዓይኗን ጨፈነች፣
እንደ ክትባት ቀን። ከዚያ ሻይ ጠጥታ ተኛች።

ሐሙስ መልእክት ደረሳት፦ "ጠረጴዛ ለሁለት ሰው፣
ዓርብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። መስኮቱ ጋ ቢሆን የምንመርጠው።
ኦድቫርና ሬይዱን።"

ጠረጴዛ? ገጹን ሽቅብ ቁልቁል አሰሰች፤
ከግርጌው፣ እሷ ያልነካቻትን ቁልፍ አገኘች፦
"ቦታ ይያዙ።"
ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች፤
ጻፈች፣ ሠረዘች፣ ጻፈች፤ መላኪያውን አጣች።

ዓርብ ዝናቡ አግድም ዘነበ። በአንድ ሰዓት በሩ ተከፈተ፤
አንድ ሽማግሌ ገባ፣ ባርኔጣው እየተንጠባጠበ፣ ሚስቱን እየጎተተ።
የያዘው ጃንጥላ ተገልብጦ፣ ለልመና የተዘረጋ እጅ መስሏል፤
ግድግዳው ላይ ክርና ዘንግ እንጂ፣ ምን ድስት ተሰቅሏል?
"ይቅርታ" አለች ቶርብዮርግ፣ "ሼፉ እኮ..." ቃል ጠፋት።
"እናውቃለን" አለች ሬይዱን፣ ፊቷን ስትጠርግ፣ ሳቅ ሲያፍናት፤
"ከገጽሽ ላይ የሚሠራው ቁልፍ ያ ብቻ ነው።
እሱ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል፤ ብርሃን ያለበት ቦታ ካልሆነ፣
ሲጠገን አያየው።"

"አራተኛውን ነው የምንፈልገው" አለ ኦድቫር።
"ያረጀውን።"

የሥራ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ገፋች፣ መቀስና ክሩን ሰበሰበች፤
ሁለት በርጩማ አምጥታ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገች።
ስምንት ዘንግ ነበረው፤ ሦስቱ ተሰብረዋል፤ አንዱ በሽቦ ታስሯል፣
ባልየው ራሱ ያሰረው፣ ከብዙ ዓመት በፊት፤ ዝጎ ቀልቷል።
እሷ ስትሰፋ እነሱ ከቦርሳ ዳቦና አይብ አወጡ፤
ለእሷም ቆረሱላት። ዝም ብለው ተቀመጡ።

ሲሄዱ ሽቦውን አልፈታችውም። ሒሳብ ስትጽፍ ዘለለችው።

ማታ፣ ያቺን ቁልፍ ልታጠፋ ገጹን ከፈተች፤
ጣቷ አንዣበበ፤ ከቁልፏ በታች ባዶ ሳጥን አየች።
ጻፈችበት፦

ጠረጴዛ፦ አንድ። መስኮቱ ጋ።
ዳቦ ይዛችሁ ኑ።