ስንት ይችላሉ

ከፒራሲካባ ወንዝ ማዶ፣ ከአገዳው እርሻ ዳር፣
መብራቷ የማይጠፋ ክፍል አለች፤ እሷ ናት የእኔና የዡሬማ አዳር።
ጠረጴዛው ላይ አንዲት የብርጭቆ ጋን፣
ልኳ አንድ ሊትር፣ ነዋሪዋ ስንት ቢሊዮን፤
ያለ እሳት ትንተከተካለች፣ እርሾ ሞልቶባት ጧትና ማታ፤
በአንድ ቧንቧ የስኳር ውሃ ይወርድባታል፣ ጠብታ በጠብታ፣
በሌላው የገባውን ያህል ይወጣል፣ ያለ ቅሪት፣ ያለ ይቅርታ።

ፓምፑ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ መቁጠሪያ እንደያዘች ባልቴት፤
እሷ ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሌላ ወሬ የለም እስከ ንጋት።

«ዜሮ ነጥብ አንድ በሰዓት።»
በገባሁ ሰሞን ጠይቄያት ነበር፤ ምንድነው ትርጉሙ?
«በየሰዓቱ የጋኗ አንድ አሥረኛ ይታጠባል» አለች፣ «ከነዘሩ ከነስሙ።
የቀሩት የሄደውን ያህል ካልወለዱ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቅህ።»
«ይወልዳሉ?»
«ይወልዳሉ። ፓምፑ ሲያዘግም አዝግመው፣ ሲፈጥን ፈጥነው፤
ስኳሩን የምትቆነጥርላቸው አንተ ነህ፣
የኑሯቸው ፍጥነት ያለው በመዳፍህ።»

ሃምሳ ሰዓት እንጠብቃለን፣ ሚዛን እስኪይዙ።
ከዚያ መቅዳት፣ ማጥለል፣ ማድረቅ፣ መመዘን።
ትናንት አራት ነጥብ ዘጠኝ ግራም፣ ዛሬም አራት ነጥብ ዘጠኝ፤
ያው ቡናማ ደመና፣ ያው የሚጎመዝዝ ሽታ በር ላይ የሚቀበለኝ፤
ግን ከትናንት ሰዎች
(ሰዎች አልኩ እንዴ?)
ከአሥር አንዱ እንኳ የለም።

ዶክተር ታርሲዚዮ ማክሰኞ ዕለት ወረቀት ትቶ ሄደ፦
«ጣሪያቸውን ፈልጉልኝ። ስንት ይችላሉ?»

ዘዴው ቀላል ነው።
ከሚችሉት በላይ ትከፍታለህ።
ሲሸነፉ፣ የሚሸነፉበትን ፍጥነት ትለካለህ፣
ከፓምፑ ላይ ትቀንሳለህ፤
የተረፈው አቅማቸው ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ዜሮ ነጥብ ስድስት።
ጠቅታው ተያያዘ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ።
በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና፤ በየግማሽ ሰዓቱ ብርሃኑ ትንሽ ገፋ ብሎ ሲታይ፤
ደመናው ሳሳ፤
ከሌሊቱ ስድስት ላይ በጋኗ ውስጥ ከወዲያ ያለው
የግድግዳ ሰዓት ታየኝ፣ መጀመሪያ ክቡ፣ ኋላ ሰኮንድ ቆጣሪው።
መውጫው ላይ ስኳሩን ለካን፤ ሳይበላ ያልፋል።
ትናንት በቁንጥር ይሻሙ የነበሩት፣
ዛሬ ማዕዱ ሞልቶ ተርፎ፣ በላተኛውን ጎርፍ ወስዶታል።

ዘጠኝ ሰዓት፦ የቀሩት ሲሶ።
ዡሬማ እርሳሷን አስቀመጠች።
«አባቴን ካቦው ስድስት ቶን ቁረጥ አለው፤ ቆረጠ።
በሚቀጥለው ዓመት ስምንት። ቆረጠ።
አሥራ ሁለት አለው» አለች፣
ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ አገዳው በጨለማ ያፏጫል።
የቀረውን አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ቫልዴሚሮ
በራቸው ላይ ይቀመጣል፤ ጣቶቹ ቆንጨራ እንደጨበጡ
ደርቀው ቀርተዋል፤
ሰላም ስትለው ጡጫ ይዘረጋልሃል።

በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ መስመሩን አሰመርኩ፤
ቁልቁለቱ ዜሮ ነጥብ አንድ ስምንት፣
ከዜሮ ነጥብ ስድስት ሲነሳ ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት።
ያ ነው ጣሪያው። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር፤
አንዲት ነጥብ እንኳ አልከዳችም።

ደንቡ ከዚህ በኋላ በረኪና ይላል።
በረኪናው ከመደርደሪያው ሥር ነበር፤ አነሳሁት።
ዡሬማ ግን የፓምፑን መዘውር መለሰችው
ወደ ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ወደ ቀርፋፋው ጠቅታ፣
ማንም ሳያዛት፣ በደብተሩም ሳታስመዘግብ።

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ተረካቢው ገባ።
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ፣ ጃኬቱን እየሰቀለ።
እንደለመደብኝ በጋኗ ውስጥ ለማየት ጎንበስ አልኩ፤
አይታይም።