የጫማ ጠጠር

ራማት ጋን ላይ፣ ማታ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣
ሰው ሁሉ ሲወጣ ነው እኔ የምዘልቅ።
አልማዝ የሚሞርድ፣ የምናሴ ክፍል፣
ሚዛኑ የትንኝን ክንፍ የሚያስተውል።
ጠርጌ የሰበሰብሁት ጥራጊውም አይጣል፣
በከረጢት ታሽጎ ለማጣሪያ ይላካል፤
እዚያ ቤት አቧራም ባለቤት ነበረው፣
እኔ ብቻ ነበርሁ ጠያቂ የሌለው።

ስሜ ዕንቁሥላሴ። ትርጉሙን ስነግረው፣
ምናሴ ሳቀና ሚዛኑን ነካካው፤
«ስንት ካራት ይሆን፣ እዚህ ላይ ብትወጣ?»
አለኝ። አብሬ ሳቅሁ። ሕመሙ ዘግይቶ መጣ።

አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣
ከደቡብ ቴል አቪቭ፣ ከጠባቧ ደጄ፣
ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከሶሉ ስንጥቅ፣
አንዲት ጠጠር አየሁ የምታብረቀርቅ።
ምስር የማታህል፣ ጭቃ የተለወሰች፣
ጣቴ ሲነካት ግን ዓይን ሆና ያየች።

ሀብተአብ ተኝቷል፤ ስድስታችን አንድ ቤት፣
ማንኮራፋት፣ ካልሲ፣ የጋዝ ሽታ፣ እርጥበት።
ልቤ ግን ተነሣ፤ እስኪነጋ ድረስ
ግቢ ሲያጥር አደረ፣ ሲገነባ፣ ሲያፈርስ።
«ለእናቴ መድኃኒት ነው» ስላት ለራሴ፣
የጎረቤቴን ፎቅ አሳየችኝ ነፍሴ።
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መድኃኒቱ መች ታጣ፣
ከሰው መብለጥ ነበር ጥማት ሆኖ የመጣ።

ከዚያም ጠበቃዬ ደረሰ፣ ያ ለስላሳ፣
በጨለማ የሚያወራ፣ ስሙ የማይነሣ፤
«አንተ አልሰረቅህም፣ ጫማህ ነው የሰረቀ፤
ምናሴ ሺህ አለው፣ አንዲቷን መች አወቀ?
ፈጣሪ ባይፈቅድ ከሶልህ ባልገባች፤
ማን ያውቃል፣ ለጸሎትህ መልስ ሆና ተልካለች።
ዐሥራቷን አውጣና ስጥ ለያፋው ማኅበር፣
ጣሪያቸው ያፈስሳል፤ ይህስ ጽድቅ አልነበር?»
እኔስ ምን ልመልስ? ፈታኝ ቀንድ የለውም፣
ዐሥራት ከፋይ ሆኖ ቢመጣ አይገርምም።

ቅዳሜ በእግር ያፋ፤ እሑድ እዚህ ሥራ ነው፣
እሑድን በቅዳሜ ነው የምናከብረው።
ጠጠሯ ከኪሴ፣ በሶፍት ተጠቅልላ፣
መስቀል ስሳለም ግን ክብደቷ ሌላ።
ሁለት ዓይነት ሚዛን እንዳለ ያኔ ገባኝ፣
ያኛው ትንኝ ሲመዝን፣ ይኼኛው እኔን መዘነኝ።
ስወጣ ባሕር ዳር፣ ልጥላት አሰብሁ፤
በሰው ዕቃ ልጸድቅ! ራሴን ታዘብሁ።

እሑድ በማለዳ፣ ምናሴ ፊት ቀርቤ፣
ሶፍቱን ፈታሁለት፣ እየመታ ልቤ።
በአጉሊ መነጽሩ አየና አዞራት፣
«ስንጥቅ ናት» አለኝ፣ «ይህ ነው የሚባል ዋጋ የላት፤
አንድ ጥንድ ጫማ ነው፣ ያውም ከሸጥናት ደግሞ።»
መሳቢያ ውስጥ ጣላት። ጎነበሰ፣ ሥራው ውስጥ ሰጥሞ።

አንድ ጥንድ ጫማ! ሦስት ሌሊት ሙሉ
ያ ግቢ፣ ያ በር፣ ያ ያጠርሁት ሁሉ!

እኔ ግን አልሄድሁም። በሩ ሥር ቆሜ፣
ምን ነበር የምጠብቅ? «ታማኙ ወንድሜ»
እንዲለኝ፤ ለሌሎች እንዲያወራልኝ፤
ሀብተአብም ሰምቶ ቆሞ እንዲያሳልፈኝ።
አንዷ ጠጠር ስትወጣ ሌላዋ ገብታለች፣
ከጫማዬ ሳይሆን ከልቤ ተሰክታለች።
ይህችን ግን ለማንም ፈትቼ አላሳይ፣
ምናሴም መነጽሩ አይደርስም እዚህ ላይ።

አሁን ሌሊት ሌሊት፣ ከደጄ ስደርስ፣
ጫማዬን አራግፌ፣ ሶሉን ስዳብስ፣
ቆም እልና ደግሞ፣ የማይራገፈውን
«አንተ እየው» እላለሁ፣ የውስጠኛውን።
ስሜን ያወጣ አባት ምን አይቶብኝ ይሆን?
ዕንቁ ያለኝ ገና ሳልሞረድ፣ ሳልሆን።
ይሞርደኝ እንግዲህ። ብናኜ ቢረግፍም፣
በእሱ ቤት አቧራ ባለቤት አያጣም።