ሁለት የጎደለ

ናያግራ ከደጁ ሲያገሳ ያድራል፣
በውስጡ ነጩ ኳስ በሳህን ይሾራል።
ጥቁር ሰደርያዬን እስካንገቴ ቆልፌ፣
መዳፌን ለካሜራው ዘርግቼ፣ አራግፌ፣
ሌሊቱን ቆሜ አነጋለሁ፤
አስናቀች ረዝሞባቸው ‹‹አስና›› የሚል ሰሌዳ
ደረቴ ላይ ለጥፌያለሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሲሆን ተሻገር ይገባል፣
የሃሚልተን ብረት ቡፋሎ አራግፎ፣
ጓንቱን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል፤
ደብተሩን ይገልጣል።
ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጽፎ ሲያበቃ፣
‹‹ቀይ ስድስቴ ወጣ፤ ጥቁር ነው ተራው፣ በቃ!››
ኳስ እንደ ዳቦ ሰልፈኛ ተራ የሚያውቅ ይመስል፣
ቂም የሚይዝ፣ ውለታ የሚመልስ ይመስል።
ኳስ ግን ትናንት የለውም።
ሁሉንም ዙር እንደ ተወለደ ዕለት ይጀምረዋል፤
ስድስቱን ቀይ አያውቅም።

ያን ሌሊት ኳሱ አሥራ ሰባት ላይ ዋለ፣
የልጁ ልደት ቀን ነው፤ ተሻገር ዘለለ፣
ከጎኑ የቆሙትን የዌላንድ አሮጊት አገላብጦ ሳመ፤
ጠረጴዛው ሁሉ በጭብጨባ ቆመ።
ሠላሳ አምስት ቺፕ ቆጥሬ ገፋሁለት፤
አንዷን መለሰልኝ፣ ‹‹እንኪ፣ እጅሽ አለው በረከት።››
በጠርዙ አንኳኳኋት፣ በጉርሻው ሣጥን ጣልኳት።

አሁን ቁጠር፣ ተሻገር።
ጉድጓዱ ሠላሳ ስምንት ነው፦
ቀዩ አሥራ ስምንት፣ ጥቁሩም አሥራ ስምንት፣
እንዳልተጠራ እንግዳ ጥግ የያዙ
አረንጓዴ ዜሮዎች ደግሞ ሁለት።
አንዱ ያንተ ነው፤ ሠላሳ ሰባቱ በአንተ ላይ የቆሙ።
ለሠላሳ ሰባት ጠላት ሠላሳ አምስት ካሳ፤
ሁለቱስ ወዴት ከረሙ?
የከሰርከውማ ለሌላ አሸናፊ ይከፈላል፤
ቤቱ ግን የሚበላው ካሸነፍከው ላይ ነው፣
እየሳቅህ ይሸርፍሃል።
ሌባ ጨለማ ይፈልጋል፤
ይሄ በመብራት፣ በጭብጨባ መሀል፣ በእኔ ጥርስ ያነሳል።

ከመቶ ዶላር አምስት፣ ከስሙኒ፣ ከአንድ ሳንቲም።
ለዚህ ማንም አይጣላም፣ ማንም አይታመም።
ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤
ይህም ፏፏቴ ዓለቱን እየላሰ ነው፣ እየላሰ፣
ገደሉን ወደ ኋላ የሚያስኬድ።

በአማርኛ ቤት የሚመታው ግጥም ነው፤
እዚህ ግን ቤቱ ራሱ ነው ሰው የሚመታው።

ንጋት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘሁት፤
ሠላሳ አራቱ ቺፕ አብረውት አልወጡም።
የመስታወቱን በረዶ በባዶ የባንክ ካርድ ሲፍቅ፣
‹‹ሁለት ጎድሎሃል›› አልኩት።
ቆጠርኩለት፣ በጣቴ፣ ኮፈኑ ላይ በጋገረው በረዶ።
ሰማኝ። ራሱን ነቀነቀ።
ከዚያ ሳቀ፤ ‹‹ሁለት ምን አላት፣ አስና?››
ሞተሩን አስነሳ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
‹‹ነገ ግን ጥቁር ነው›› አለኝ።